የተሳሳተ ነጥብ ዋጋው ስንት ነው? የአምስት አክሽን አርፒጂ ጌሞች የክህሎት ሥርዓት ንጽጽር

አክሽን አርፒጂ ጌም፣ ማለትም ጭራቆችን እየተዋጉ ገጸ ባሕርይን የሚያሳድጉበትን ጌም፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ሥዕሉን፣ የጭራቆቹን ብዛትና የታሪኩን ርዝመት ነው። እነዚህ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ታይተው የሚያልቁ ነገሮች ናቸው፤ ከመቶ ሰዓት በኋላ ተጫዋቹን የሚያቆየው ወይም የሚያባርረው ገጸ ባሕርዩ የሚገነባበት መንገድ፣ ማለትም ተጫዋቾች «ቢልድ» የሚሉት ነገር ነው። ስለዚህ ዳያብሎ 2ን፣ ዳያብሎ 4ን፣ ፓዝ ኦፍ ኤግዛይልን፣ ግሪም ዶውንን እና ላስት ኤፖክን በሁለት ጥያቄዎች ብቻ አነጻጽራለሁ፦ የገጸ ባሕርዩ ኃይል በዋናነት ከየት ይመጣል? ተጫዋቹ ሐሳቡን ሲቀይርስ ጌሙ ምን ያስከፍለዋል? የክህሎቶቹ ብዛት በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ ቢጻፍም ለምርጫ እምብዛም አይረዳም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በዳያብሎ 2 እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ አራቱ ወይ እርሱን ለማሻሻል ወይ ከእርሱ ለመሸሽ የተሠሩ ይመስላሉና። በ2000 የወጣው ይህ ጌም በ2021 «ሬዘሬክትድ» ተብሎ በአዲስ ሥዕል ቀርቧል። እያንዳንዱ ክላስ (የገጸ ባሕርይ ዓይነት) በሦስት ዛፎች፣ ማለትም ክህሎቶች እንደ ቅርንጫፍ ተያይዘው በሚታዩባቸው ሰሌዳዎች፣ የተከፈሉ 30 ክህሎቶች ሲኖሩት፣ በየደረጃው አንድ የክህሎት ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ ክህሎት የሚቀበለውም ቢበዛ 20 ነጥብ ነው። የመጨረሻው ደረጃ 99 በመሆኑና ከተልዕኮዎች 12 ነጥብ ስለሚጨመር ድምሩ 110 ይደርሳል፤ ሆኖም እስከ 99 መውጣት እጅግ አድካሚ ስለሆነ አብዛኛው ሰው አራት ወይም አምስት ክህሎቶችን ብቻ ሞልቶ ይቀራል። በ2003 የወጣው የ1.10 ማሻሻያ «ሲነርጂ» የተባለውን ሥርዓት ሲያስፋፋ፣ በታችኞቹ ክህሎቶች ላይ የዋለ ነጥብ የላይኞቹን የሚያጠናክር ሆነ። ከዚያ በፊት አዋቂ ተጫዋቾች ደረጃ 24 ወይም 30 ላይ የሚከፈተውን ክህሎት በመጠበቅ ነጥባቸውን ሳይነኩ ያጠራቅሙ ነበር፤ ነጥብ በእጅ ይዞ እየደከሙ መታገል የጨዋታው አካል ነበር ማለት ነው።

ወጥመዱ የሚገኘው ሄል በተባለው የመጨረሻ የአስቸጋሪነት ደረጃ ነው። በዚያ ከሚገኙት ጭራቆች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ጉዳት ፈጽሞ አይነካቸውም፤ ነጥቧን በሙሉ በቅዝቃዜ ክህሎቶች ላይ ያዋለች ሶርሰረስ (አስማተኛዋ ክላስ) ቅዝቃዜ የማይነካቸውን ስታገኝ ሌላ መላ ከሌላት ማለፍ ይቸግራታል። ነጥብን መልሶ ማከፋፈል የተፈቀደውም ጌሙ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2010 በ1.13 ማሻሻያ ነበር፤ ዛሬ በእያንዳንዱ የአስቸጋሪነት ደረጃ አንድ ጊዜ በነጻ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልግ ከኃያላን አለቆች የሚወድቁ ዕቃዎችን ሰብስቦ ነጥቡን የሚመልስለትን ቶከን መሥራት አለበት። ይህን ጥብቅነት እኔ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ዓይነት ጌም ለሚገባ ሰው አልመክረውም።

ዳያብሎ 4 ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በ2012 የወጣው ዳያብሎ 3 የክህሎት ነጥብን ጭራሹን አስቀርቶ ክህሎቶችን እንደ ልብስ መቀያየር ፈቅዶ ነበር፤ ውጤቱም የአንድን ክህሎት ጉዳት በሺዎች ፐርሰንት የሚያሳድጉ የዕቃ ስብስቦች የተጫዋቹን ምርጫ መተካታቸው ሆነ። በ2023 የመጣው ዳያብሎ 4 ዛፉንና ነጥቡን ቢመልስም፣ በአንድ ጊዜ የሚያዙት ክህሎቶች ስድስት ብቻ ናቸው፤ ትልቁ ኃይልም አሁንም የሚመነጨው «አስፔክት» ከሚባሉት የዕቃ ኃይሎችና ከላይኛው ደረጃ በኋላ ከሚከፈቱት የፓራጎን ሰሌዳዎች ነው። ስህተትን ማረም በጌሙ ውስጥ በሚገኝ ወርቅ ስለሚቻል የሚያስፈራ ነገር የለም። በሥራ ደክሞ ማታ አንድ ሰዓት ለሚጫወት ሰው ከአምስቱ የሚስማማው ይህ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢልድ እየነደፈ ማደር የሚወድ ግን ቶሎ ይሰለቸዋል።

ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው። ግራይንዲንግ ጊር ጌምስ የተባለው የኒውዚላንድ ድርጅት በ2013 ያወጣው ይህ ጌም ሁለት ነገሮችን ለያይቷል፤ ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገው ነገር ከአንድ ቦታ፣ የሚያደርግበት ኃይል ደግሞ ከሌላ ቦታ ይመጣል። ክህሎቶች በዕንቁ መልክ ከውጭ የሚገኙ ሲሆኑ በጦር መሣሪያና በጥሩር ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የጥንካሬ፣ የቅልጥፍና ወይም የብልሃት መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ የትኛውም ክላስ የትኛውንም ዕንቁ መጠቀም ይችላል። ከዋናው ዕንቁ ጋር የተያያዙ ደጋፊ ዕንቁዎች ባሕርይውን ይለውጣሉ፤ አንዱ ፍላጻውን ያበዛዋል፣ ሌላው ያፈጥነዋል፣ ሌላው ጉዳቱን ወደ እሳት ያዞረዋል። አንድ ጥሩር እስከ ስድስት የተያያዙ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ስለሚችል፣ አንድ ክህሎት አምስት ደጋፊዎችን አስከትሎ ከመነሻው ጋር የማይመሳሰል ነገር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ክፍል ሰባቱ ክላሶች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ከ1,300 በላይ ነጥቦች ያሉት አንድ ግዙፍ ዛፍ ነው፤ የሚለያዩት በሚጀምሩበት ቦታ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በሙሉ ዕድገቱ 120 ገደማ ነጥብ ስለሚያገኝ ከዛፉ የሚይዘው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም፤ ጥበቡ ያለውም መንገድ በመምረጥ ላይ ነው። በዛፉ ላይ ያሉት «ኪስቶን» የሚባሉ ትልልቅ ነጥቦች ከሁሉም ይልቅ ያስደንቁኛል። ኬኦስ ኢኖኩሌሽን የተባለው የገጸ ባሕርዩን ሕይወት ወደ 1 አውርዶ በምትኩ ከኬኦስ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይጠብቀዋል፤ ሪዞሉት ቴክኒክ የተባለው ደግሞ ምቱ እንዳይስት ያደርግና ክሪቲካል ምትን (አልፎ አልፎ ከተለመደው በላይ የሚጎዳውን ምት) ይነፍገዋል። እያንዳንዱ የሚሰጠውን ያህል የሚወስድ በመሆኑ ቀሪው ቢልድ በሙሉ በዙሪያው እንደገና መታሰብ አለበት።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። በዛፉ ላይ ጥቂት ነጥቦችን ማረም ቀላል ቢሆንም፣ ከመነሻው የተበላሸ ቢልድ ዕንቁውም፣ ጥሩሩም፣ ዛፉም አብረው ስለሚበላሹ ብዙውን ጊዜ አዲስ ገጸ ባሕርይ መጀመር ይቀላል። ያለ መመሪያ የገባ ጀማሪ ታሪኩን ጨርሶ ከታሪኩ በኋላ ወደሚመጡት ከባድ ውጊያዎች፣ ወደ ካርታዎቹ ሲደርስ ነው ድክመቱ የሚገለጥለት። በታኅሣሥ 2024 ለቅድመ ሙከራ የቀረበው ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል 2 ይህን በከፊል አቅልሎታል፤ ደጋፊዎቹ የሚገቡት በዕንቁው በራሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሆነ ጥሩር በተቀየረ ቁጥር ክህሎቱ አይፈርስም፤ የዛፉ ነጥቦችም በወርቅ ይመለሳሉ።

ግሪም ዶውን በ2016 ከክሬት ኢንተርቴይንመንት የወጣ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ በ2006 ወደ ወጣው ታይታን ኩዌስት ይመዘዛል። ተጫዋቹ አንድ «ማስተሪ» (የራሱ ክህሎቶች ያሉት የሙያ ዘርፍ) መርጦ ይጀምርና ደረጃ 10 ላይ ሁለተኛውን ይጨምራል። አሽስ ኦፍ ማልማውዝ እና ፎርጎተን ጎድስ ከተባሉት ተጨማሪ ክፍሎች ጋር ዘጠኝ ማስተሪዎች ስለሚኖሩ 36 ጥምረቶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ ጥምረትም የራሱ ስም አለው፤ ሶልጀር ከኦከልቲስት ጋር ዊችብሌድ ይባላል። ውጥረቱ ያለው የላይኞቹን ክህሎቶች ለመክፈት ነጥብን በማስተሪው መለኪያ ላይ ማዋል የግድ በመሆኑ ነው፤ ሁለቱንም መለኪያዎች እስከ 50 ያደረሰ ሰው ለክህሎቶቹ የሚተርፈው ያንስበታል። በዚህ ላይ ፈርሰው የተገኙ መቅደሶችን በማደስ የሚገኙ ነጥቦች የሚውሉበት «ዲቮሽን» የተባለ የከዋክብት ካርታ አለ፤ ከእርሱ የሚገኘው ኃይል ከአንድ ክህሎት ጋር ታስሮ ያ ክህሎት ሲመታ አብሮ ይፈነዳል። የዋለ ነጥብ በጌሙ ገንዘብ ስለሚመለስ ቅጣቱ መካከለኛ ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህ ጌም በእኔ ሚዛን በጥልቀትና በግልጽነት መካከል ከሁሉም የተሻለውን ቦታ ይዟል።

በየካቲት 2024 የተጠናቀቀው ላስት ኤፖክ የወሰደው መንገድ የተለየ ነው፤ ዛፉን ለክላሱ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ክህሎት ሰጥቶታል። አምስት ክላሶች እያንዳንዳቸው ሦስት ማስተሪዎች (እዚህ የክላሱ ንዑስ ዘርፎች ማለት ነው) ስላሏቸው 15 መነሻዎች ይገኛሉ፤ ተጫዋቹ አምስት ክህሎቶችን መርጦ እያንዳንዱን በራሱ ዛፍ ላይ እስከ 20 ነጥብ ያሳድገዋል። ሴንቲኔል የተባለው ክላስ የሚወረውረው መዶሻ በቀጥታ ሄዶ የሚመለስ ተራ ጥቃት ሆኖ ይጀምራል፤ በዛፉ ላይ አንድ ነጥብ ሲያዝ ግን በባለቤቱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ወደ ውጭ ይሰፋል። ለውጡ ከቁጥር አልፎ በዓይን ስለሚታይ ጀማሪ ምን እንደመረጠ ወዲያው ይገባዋል። አንድን ክህሎት ትቶ ሌላ መያዝም ይቻላል፤ አዲሱ ከዝቅተኛ ደረጃ ቢጀምርም በከፍተኛ ገጸ ባሕርይ እጅ ቶሎ ይደርሳል።

በግዢ ጊዜ የሚረሳ አንድ ጉዳይ አለ። ግሪም ዶውንና ላስት ኤፖክ ያለ ኢንተርኔት ይጫወታሉ፤ ፓዝ ኦፍ ኤግዛይልና ዳያብሎ 4 ግን ብቻውን ለሚጫወት ሰውም ግንኙነት ይጠይቃሉ። ግንኙነቱ ለሚቆራረጥበት ገዢ ምርጫው ከዚህ ላይ ሊወሰን ይችላል። ግንኙነቱ የማያሳስበው ደግሞ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ለመግዛት የማይከፈልበትን፣ ገቢውን ከጌጥና ከዕቃ ማስቀመጫ ሽያጭ የሚያገኘውን የመጀመሪያውን ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ከፍቶ ዛፉን አንድ ምሽት ይመልከተው፤ ደስ ካለው እዚያው ይቆይ፤ ከከበደው ግሪም ዶውንን፣ መመሪያ ማንበብ ጨርሶ ካልፈለገ ላስት ኤፖክን ይግዛ።