“ሊትየም ነው” ካሏችሁ፣ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ

ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ትልቅ ባትሪ የሚፈልገው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ መብራት ሲጠፋ ቤቱ እንዳይጨልም ነው። ሌላው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ብዙ ገዢ ወደዚያው ዞሯል። ሻጮች ለሁለቱም “ሊትየም ነው፣ አሪፍ ነው” ይላሉ። ሊትየም ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ለመኪና የሚያዋጣው ለቤት ላያዋጣ ይችላል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ለቤት ኤልኤፍፒ ግዙ፣ ማለትም በብረት (አይረን) እና በፎስፌት የሚሠራውን ሊትየም። ለመኪና ኤልኤፍፒም፣ ኤንኤምሲ የሚባለው ሌላው የሊትየም ዓይነትም ያስኬዳል፤ የሚወስነው የምትሄዱት ርቀት ነው። ጄልና ሌላው የሊድ አሲድ ባትሪ፣ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው የድሮው ዓይነት፣ የሚያዋጣው ኪስ ሲያጥር ብቻ ነው፣ እሱም ለጊዜው።

ለቤት፦ ጄል ወይስ ኤልኤፍፒ?

ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት (Ah) የሚል ጄል ነው። ሌላው 12.8 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሚል ኤልኤፍፒ። ሲያዩት ጄሉ እጥፍ ይመስላል። በሒሳብም 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ኤልኤፍፒው 1,280 ብቻ። ነገር ግን ሊድ አሲድ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በደህና የምትጠቀሙት 1,200 ገደማውን ነው። ኤልኤፍፒው አስር በመቶ እስኪቀረው ቢወርድ ብዙም አይጎዳም። በሥራ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ክብደታቸውን ተመልከቱ፦ ጄሉ 60 ኪሎ አካባቢ፣ ኤልኤፍፒው 12 ኪሎ አካባቢ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ልዩነቱን ከወገቡ ይሰማል።

ይህ ኃይል ምን ያህል ያገለግላል? ቲቪ፣ አራት አምፖልና የዋይፋይ ራውተር አንድ ላይ 130 ዋት ቢወስዱ፣ በአምስት ሰዓት 650 ዋት ሰዓት ይበላሉ። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነውን ጨምራችሁም ይተርፋችኋል። ምጣድ ግን እንዳትሞክሩ። ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። እንጀራው መብራት ሲመጣ ይጋገራል።

ዕድሜ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ሞልቶ መውረዱን አንድ ዙር እንበለው። ተራ ሊድ አሲድ 500 ዙር ቢሰጣችሁና መብራት በየሁለት ቀኑ ቢጠፋ፣ ሦስት ዓመት አይሞላም። የኤልኤፍፒ አምራቾች ከ3,000 እስከ 6,000 ዙር ይጽፋሉ። በዚሁ ስሌት 3,000ው ብቻ 16 ዓመት ይሆናል፣ በወረቀት ላይ። ከዚያ በፊት ኢንቨርተሩ ወይም ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ባለሙያዎቹ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ሊበላሽ ይችላል። ሻጩን ስለ ዋስትና ስትጠይቁ ኃይሉን የሚይዙትን የሴሎቹን ብቻ ሳይሆን የቢኤምኤሱንም ጠይቁ። መነሻ ዋጋው ግን የኤልኤፍፒ ይበልጣል፣ ይህ አያከራክርም።

ለቤት ኤንኤምሲ ለምን አልመርጥም?

ኤንኤምሲ በኒኬል፣ በማንጋኒዝና በኮባልት የሚሠራ ሊትየም ባትሪ ነው። ትልቁ ጥቅሙ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል መያዙ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን ሊትየም አዮን ባትሪ ለገበያ ሲያወጣ በአንድ ኪሎ 80 ዋት ሰዓት ገደማ ነበር። ዛሬ ጥሩ የኤንኤምሲ ሴል 250 ያልፋል። ኤልኤፍፒ ከ150 እስከ 190 አካባቢ ነው። ኤንኤምሲ እዚህ የደረሰው በአብዛኛው ኒኬሉን በማብዛትና ኮባልቱን በመቀነስ ነው።

ዕዳውም የሚመጣው ከዚያው ነው። ኒኬል በበዛ ቁጥር ሴሉ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ኤንኤምሲ ወደ 210 ዲግሪ ሲጠጋ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ኤልኤፍፒ እስከ 270 አካባቢ ይታገሳል። ከዲግሪው በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የጋለ ኤንኤምሲ ኦክስጅን ከራሱ ያወጣል፣ ስለዚህ እሳቱ አየር ቢከለክሉትም አይታፈንም። በኤልኤፍፒ ውስጥ ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር አጥብቆ ስለተያያዘ በቀላሉ አይለቅም። ይህ ማለት ግን ኤልኤፍፒ ከቶ አይቃጠልም ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፣ ሲጎዳም አደገኛ ጋዝ ያወጣል።

ቤት ውስጥ ባትሪው ወለል ላይ ተቀምጦ ነው የሚኖረው። አሥር ኪሎ ቢቀል ለማን ይጠቅማል? ለቅለቱ ከፍሎ አደጋውን አብሮ መግዛት አይዋጥልኝም። በተለይ ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ ፈትተው ለቤት የሚያዘጋጁ አሉ። ርካሽ ነው፣ ግን የተጎዳ ሴል ከውጭ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል። ሳይፈታ ደግሞ የመኪና ባትሪ በብዛት 300 እና 400 ቮልት ነው፣ ሰው ይገድላል።

ሻጩ ዓይነቱን ካላወቀ ልጥፉ ላይ ያለውን ቮልቴጅ እዩ። የኤልኤፍፒ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ ባትሪው 12.8፣ 25.6 ወይም 51.2 ይላል። የኤንኤምሲ ሴል 3.6 ወይም 3.7 ስለሆነ 11.1፣ 14.8 ወይም 51.8 ታያላችሁ። በ51.2 እና በ51.8 መካከል ያለችው የ0.6 ቮልት ልዩነት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ትለያለች። ሚዛን ካለም አስመዝኑ። ባለ 100 አምፒር ሰዓቱ 12.8 ቮልት ኤልኤፍፒ ስድስት ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ የተጻፈው ሁሉ ውስጡ የለም።

የት ይቀመጥ? ግቢ ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት ቀን ላይ ትጋላለች፣ ሙቀት ደግሞ የማንኛውንም ባትሪ ዕድሜ ይበላል። መኝታ ቤትና ብቸኛው መውጫ በር አጠገብም አይሆንም። አየር የሚገባበት ጥላ ቦታ ይሻላል። ጄል በኤልኤፍፒ ስትተኩ የኢንቨርተሩን የአሞላል ምርጫ ወደ ሊትየም አዙሩት፣ የሊድ አሲድ አሞላል አይስማማውም።

ለመኪና

እዚህ ላይ ኤንኤምሲ ክብሩን ያገኛል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ኪሎ የሚጎትተው መኪናው ራሱ ነው። ኤልኤፍፒም ዝም አላለም። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ብሌድ ባትሪ ረጃጅምና ስስ የኤልኤፍፒ ሴሎችን ቀጥታ በትልቁ ሳጥን ይደረድራል። በመሃል የነበረው ብዙ ብረት ስለቀረ ለሴል ቦታ ተረፈ። ኩባንያው በሚስማር ወግቶ እሳት እንዳልተነሳ አሳይቷል።

ከሰበታ መርካቶ ደርሶ መልስ ለሚል ሰው ኤልኤፍፒ ከበቂ በላይ ነው። በየጊዜው እስከ መቶ በመቶ መሙላት ይቻላል፤ እንዲያውም የፐርሰንት ቁጥሩ ትክክል እንዲሆን ይመከራል። ኤንኤምሲን ለዘወትር 80 ላይ ማቆም ይሻላል። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ሐዋሳ ቶሎ ቶሎ የምትሄዱ ከሆነ ግን የኤንኤምሲው ተጨማሪ ርቀት ያስፈልጋችኋል።

ሶሊድ ስቴት የሚባለው፣ ተቀጣጣዩን ፈሳሽ በጠጣር የሚተካው ባትሪ፣ የክብደቱንም የእሳቱንም ችግር እንደሚፈታ ተስፋ ተጥሎበታል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2027 እና በ2028 መካከል መኪና ላይ ለማዋል አቅዷል። ዛሬ ለቤት “ሶሊድ ስቴት ነው” ብሎ ውድ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የአምራቹን ሰነድ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።