የባጃጅ ስልክ መያዣ፦ ብሎኑ ያሰለቻል፣ እኔ የወደድኩትም ለዚያ ነው

ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ስልኩን የት እንደሚያደርግ ይታወቃል። ወይ ጭኑ ላይ ነው፣ ወይ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ወይ በጆሮውና በትከሻው መሀል። ጠዋት ከዓባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ የሚመጡትን ብታዩ፣ ግማሾቹ ማታ ትራስ አንገታቸውን የጎዳቸው ይመስላሉ። እኔ መያዣ ገዝቻለሁ። ክረምቱንም በጋውንም ስላለፈ አሁን ስለሱ መናገር እችላለሁ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ፕላስቲክ ነው፣ በሞላ ይከፈታል። ጠቅ ታደርገዋለህ ይገባል፣ ጠቅ ታደርገዋለህ ይወጣል። ሁለተኛው ብረት ነው። ስልኩን በአራቱም ማዕዘን ይይዝና ከኋላ በብሎን ይጠብቃል። ዋጋው የፕላስቲኩን እጥፍ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ለልጅህም ይተርፋል» አለኝ። ሻጭ መቼም አያልቅበትም። ብረቱን ወሰድኩ።

መኪና የሚነዱ ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። ባጃጅ ሁለቱንም እጅ ትፈልጋለች። ግራ እጅህ ፍሪሲዮኑንም ማርሹንም ይዟል። ቀኝ እጅህ ነዳጁን ይዟል። ስልክ ካነሳህ ወይ ማርሽ የለህም፣ ወይ ነዳጅ የለህም። በግራህ ስልክ ይዘህ አደባባይ ከገባህ፣ በገባህበት ማርሽ እየተንገጫገጭክ ትዞራለህ። ተሳፋሪም ይህን ያውቃል። አንድ ጓደኛዬ አንዲት እናት ጭኖ ስልክ ሲያነሳ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ እኔን አውርደኝ፤ ከዚያ እንደፈለግህ አውራ» አሉት። ስልኩን ዘጋው።

ሕጉም ዛሬ የመጣ አይደለም። ቢያንስ ከትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት ክልክል ነው። ግን እንተዋወቃለን። ፓፒረስ አካባቢ ትራፊክ ቆሞ ከታየ ስልክ ሁሉ ኪስ ይገባል። ትንሽ አለፍ ሲባል ተመልሶ ይወጣል።

ለጥምቀት መጥቶ የነበረ፣ ለንደን የሚኖር አንድ ተሳፋሪ መያዣዬን አይቶ ወሬ ጀመረ። እዚያ እየነዳ ስልክ በእጁ ይዞ የተገኘ ሰው 200 ፓውንድ ይቀጣል። መንጃ ፈቃዱ ላይም 6 ነጥብ ይመዘገብበታል። ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ በዚያችው 6 ነጥብ ፈቃዱን ያጣል። ቀይ መብራት ላይ ቆመህም ቢሆን በእጅ መያዝ አይቻልም። ከመነሳትህ በፊት መያዣ ላይ አስረህ ካርታ ማየት ግን ይፈቀዳል። «ያንተ ለንደን ያልፋል» ብሎኝ ወረደ። ጉርሻም ሰጠኝ፣ ይመዝገብልኝ።

የእኛ ትልቁ ፈተና ግን ወሬ አይደለም፣ ቴሌብር ነው። ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ «ልኬልሃለሁ፣ ገባልህ?» ይላል። ባጃጇ እየሄደች ነው። በፕላስቲኩ ቢሆን አንዴ ጠቅ አድርጎ አውጥቶ መልእክት ማየት ነው። የብረቱ ብሎን ግን ቶሎ አይላላም። ደጋግመህ ታዞረዋለህ፣ ያውም በሁለት እጅ። ስለዚህ «ስንደርስ አየዋለሁ» እላለሁ። ስንደርስ አየዋለሁ። ጓደኞቼ «ይሄ ብሎን ያሰለቻል» ብለው ወደ ፕላስቲኩ ተመለሱ። ለኔ ገንዘቡን የከፈልኩበት ነገር እሱ ነው። ስልክ ማውጣት ቀላል ከሆነ ሰው ያወጣል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። መያዣው እጅን ነጻ ያወጣል፣ ዓይን ላይ ግን ምንም አያደርግም። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡ። 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ፍጥነት ያስጨምራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ሦስት ሰከንድ ስክሪን ላይ ካፈጠጥክ፣ 33 ሜትር ሳታይ ነድተሃል። እዚህ ከተማ ውስጥ በ33 ሜትር ስንት ብስክሌት ተሻግሮ እንደሚገባ ለባሕር ዳር ሰው አይነገርም። እኔ እየነዳሁ የመልእክት ድምፁን አጠፋለሁ። ደንበኛ ሲደውል ዘንባባዎቹ ስር ጥግ ይዤ መልሼ እደውላለሁ። ኤርፎን ሞክር የሚሉኝ አሉ። እጅ ያርፋል እንጂ ሐሳብ ከወሬው ጋር ነው የሚሄደው፤ አልወደድኩትም።

ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እኔ አይፎን የለኝም፣ ስልኬን ግን እወደዋለሁ። አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ብረቱ መሪውን በሚነክስበት ቦታ ጠቀለልኩበት። መንቀጥቀጡ በጣም ቀነሰ። በጋ ላይ ቀትር ሲሆን ስልኩ ፀሐይ ይመታውና ይግላል፣ ስክሪኑም ይደበዝዛል። በክረምት ብሎኑ ዝገት ጀምሮት ነበር፤ ጠብታ ዘይት በቃው።

በየአምስት ደቂቃው ለሚደወልላቸው ዕቃ አድራሽ ልጆች ይሄን መያዣ ውሰዱ አልልም፤ በሳምንቱ ይጥሉታል። ባጃጅ ለሚነዳ ግን እመክራለሁ። ስትገዙ ከኋላ ያለውን ብሎን እዩት። አንዳንዱ አካሉ ብረት ሆኖ ብሎኑ ፕላስቲክ ነው፤ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ አስራችሁ አራግፉት። ሻጩ ካኮረፈ ቀጥሎ ሌላ ሱቅ አለ።