ማስታወቂያውን ቆርጦ አውጥቶ ፕሮግራሙን ብቻ በዲቪዲ ላስቀመጠልን ልጅ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን ስጽፍ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ሶስተኛውን ዲስክ እያየች ነው፣ ሪሞት እንኳን አልያዘችም። ለዚህ ያበቃንን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

እናቴ ስለ ዱር እንስሳት የሚያሳይ 12 ክፍል ያለው ፕሮግራም በጣም ትወዳለች፣ እኔም በየሳምንቱ ሪሲቨሩ ላይ እየቀዳሁ አስቀምጥላት ነበር። አንዱ ክፍል አንድ ሰአት ነው፣ ሩቡ ግን ማስታወቂያ። እጇ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ማስታወቂያውን ላሳልፍ ብላ ቁልፉን አንዴ ልትጫን ስትል ሶስቴ ትጫነውና ፕሮግራሙ ራሱ ያልፋታል፣ ከዛ ትጠራኛለች። የለመደችው ዲስክ አስገብቶ ማየት ነው። በዛ ላይ የሪሲቨሩ ሃርድዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና ሁሉም ሊጠፋ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሰጥቼ ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰራ ዲቪዲ ማጫወቻው ግን አላነብም የሚለው ዲስክ ሰጡኝ፣ ለካ ፋይሉን እንዳለ ገልብጠውት ነው። መልሼ ስወስደው ደግሞ ማስታወቂያውን ቆርጠው አመጡት፣ ግን ድምፁና ከንፈሩ አልገናኝ አለ፣ ሳሩ ሁሉ ካሬ ካሬ ሆነ። እናቴ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ አጠፋችው፣ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ይሄኛው ልጅ ገና ስነግረው የጠየቀኝ "ዋናው ፋይል አለሽ ወይስ የተቆረጠው ብቻ ነው?" ብሎ ነው። እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የኛ ቅጂ ኤምፔግ 2 የሚባል የቪዲዮ አይነት ነው፣ የምስሉ መጠን 720 በ576 ነጥብ፣ ዲቪዲም የሚቀበለው እሱኑ ስለሆነ ምስሉን እንደገና መጭመቅ (ፋይሉን ማሳነስ) አያስፈልግም፣ ጥራቱ የሚበላሸው ሳያስፈልግ ሲጨመቅ ነው አለኝ። ሙሉ ምስል የሚቀመጠው በግምት በየግማሽ ሰከንዱ ነው፣ በመሃል ያሉት የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ የትም ቦታ ዝም ብሎ ከቆረጡት ይሰባበራል። ድምፁ የተዛባው ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ሲግናሉ የተቆራረጠበት ቦታ ሳይስተካከል ስለተቆረጠ ነው፣ እሱ መጀመሪያ ፕሮጀክት ኤክስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ያንን አስተካከለው።

በጣም የወደድኩት ግን ማስታወቂያውን ያወጣበትን መንገድ ነው። ኮምስኪፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ጥቁር የሚሆነውን ስክሪን፣ ፀጥታውንና የጣቢያው አርማ የሚጠፋበትን እያየ ማስታወቂያውን ይገምታል፣ ግን ግምት ነው። ልጁ እያንዳንዱን መቁረጫ በአይኑ አየው። አንድ ክፍል ላይ በሌሊት ጨለማ የተቀረፀ ቦታ አለ፣ ኮምፒውተሩ እሱን ማስታወቂያ ነው ብሎት ነበር፣ እሱ ባያየው ኖሮ እናቴ የምትወደው የጉጉቷ ቦታ ሄዶ ነበር!

ሶስት ክፍል አንድ ዲስክ ላይ አድርግልኝ ብዬ ለምኜው እምቢ አለኝ። ሁለት ክፍል 90 ደቂቃ ነው፣ 4.7 ጊጋ ላይ በደንብ ይገባል፣ ሶስት ከሆነ ግን መጭመቅ ግድ ነው አለ። ብዙ ዲስክ ይሻላል የተበላሸ ምስል ከማየት፣ እውነቱን ነው። 6 ዲስክ ሆነ። ዲስኩ ላይ ሲያቃጥል (ሲቀዳ) ፍጥነቱን ቀንሶ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፋይናላይዝ ማድረጉንም (ዲስኩ በሌላ ማጫወቻ እንዲነበብ መዝጋቱን) አልረሳም፣ ሜኑ እንዳይኖረው፣ እንደገባ ራሱ እንዲጀምር አደረገው። ከዛ የኛን ማጫወቻ አስመጥቶኝ ስድስቱንም በሱ ላይ ሞከራቸው፣ ይሄን ማንም አላደረገልኝም። ዋናዎቹን ፋይሎች ደግሞ ሌላ ሃርድዲስክ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ዲስክ ይጫራል ብሎ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገረኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ለቤታችሁ የምታዩትን ነው የሚሰራው፣ ለሽያጭ የሚባዛ አይቀበልም። ስትሄዱ የተቆረጠውን ሳይሆን ሪሲቨሩ የቀዳውን ፋይል ራሱን፣ ከቻላችሁም ማጫወቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴ "ያ ልጅ ይመጣል ወይ፣ ልመርቀው" እያለች ነው፣ አንድ ቀን ብቅ በልላት።