ሶኬት ላይ የሚሰካውን «የአይጥ ማባረሪያ» እንዳትገዙ፤ አዳማ ውስጥ እየተሸጠ ነው

አዳማ ያላችሁ፣ በተለይ እህል የምትነግዱና መጋዘን ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «አይጥን በድምፅ የሚያባርር» የሚባል፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነጭ ዕቃ በ1,800 ብር እየተሸጠ ነው። ታዛላችሁ፣ በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ዕቃው በባጃጅ ይመጣላችኋል። ሱቅ የለ፣ ደረሰኝ የለ። ብሩ ከገባ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ሰውም የለም።

እኔ ፍራንኮ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ጤፍ የሚሸጡ አንዲት እናት ሁለት ገዝተው መጋዘን ውስጥ ሰክተዋቸው ለውጥ ቢያጡ፣ «የኔ ልጅ፣ ተበላሽቶ ይሆን? እስቲ እየው» ብለው ሁለቱን አመጡልኝ። ከፈትኳቸው። በአንዱ ውስጥ ርካሽ ቦርድና እንደ ሳንቲም የሳሳች የናስ ድምፅ ማውጫ አለች። በሁለተኛው ግን እሷም የለችም! ቦታዋ ቦርዱ ላይ በነጭ ቀለም ተስሏል፣ የብየዳ ቀዳዳዎቹም ተበስተዋል፣ ዕቃዋ ግን አልተገጠመችም። የሚሠራው ሰማያዊው መብራት ብቻ ነው። «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ሰምተን ነበር የምትሉ ካላችሁ፣ ያ የሚሰማችሁ ድምፅ አይጥ ያባርራል የተባለው አይደለም። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) በላይ አይሰማም፤ ማስታወቂያው ደግሞ ከ25 እስከ 65 ኪሎኸርዝ ነው የሚለው። በስልክ ቀድቼ ላረጋግጥ ብትሉም አይሆንም፤ የተለመደው የስልክ ቀረጻ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ አይዝም። ማንም ሊያጣራው የማይችለውን ነገር መሸጥ እንዴት እንደሚመች አስቡት።

ሻጮቹ «በአንጎል ተመራማሪዎች የተረጋገጠ» ይላሉ። የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምርምሩ እውነተኛ ነውና። አይጦች እኛ በማንሰማው ድምፅ ይነጋገራሉ። ድመት ያየ ወይም የፈራ አይጠመጎጥ በ22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል። ሲጫወትና ደስ ሲለው ደግሞ ወደ 50 ኪሎኸርዝ የሚጠጉ አጫጭር ድምፆች ያወጣል። ያክ ፓንክሴፕ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አይጠመጎጦችን በእጃቸው ሲኮረኩሯቸው ይህንኑ የ50 ድምፅ ያሰሙ ነበር፤ እንዲያውም ኮርኳሪውን እጅ እየተከተሉ ይሄዱ ነበር። ከጎጆ የወጣ የአይጥ ግልገልም እናቱን የሚጠራው በዚሁ በማንሰማው ድምፅ ነው፤ እናቲቱም ሰምታ መጥታ ትመልሰዋለች። ተመራማሪዎች እነዚህን ድምፆች የሚቀዱት እንስሳው መፍራቱን ወይም መደሰቱን ለማወቅ ነው፤ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒቶች ሲሞከሩም ይጠቅሟቸዋል። መጋዘን የማጽዳት ሐሳብ የላቸውም።

አሁን ማስታወቂያውን መልሳችሁ እዩት። ከ25 እስከ 65 ካለ፣ አይጥ ሲደሰት የሚያሰማው 50 መሀል ላይ ተቀምጧል፤ የፍርሃቱ 22 ደግሞ ጭራሽ ውጪ ቀርቷል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን፣ ማርቡርግ ውስጥ ተመራማሪዎች የተቀዳ የ50 ኪሎኸርዝ ድምፅ ለአይጠመጎጦች ቢያጫውቱላቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረቡ እንጂ አልሸሹም። ይህ ሶኬት አይጥ ይጠራል ማለቴ አይደለም፤ እሱ የሚያወጣው ተራ ጩኸት ነው፣ የአይጥ ንግግር አይደለም። ግን ጥናቱን ያነበበ ሰው ይህን ቁጥር ካርቶን ላይ አይጽፍም ነበር። የ22ቱን ድምፅ ቢያሰማ እንኳ፣ የፈራ አይጠመጎጥ ባለበት ደርቆ ይቀራል ወይም ጉድጓዱ ይገባል። ጉድጓዱ ያለው ደግሞ እናንተው መጋዘን ውስጥ ነው።

ቪዲዮው ላይ አይጡ ሲሮጥ አይተናል ትሉ ይሆናል። አዲስ ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ እውነት ነው። ጥቂት ቀን ሲሰማው ግን ይለምደዋል። ደግሞ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ በአየር ላይ ቶሎ ይደክማል፣ ግድግዳም ጆንያም አያልፍም። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጤፍ ጀርባ የተኛ አይጥ ምን ይሰማል? የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለእንዲህ ያሉ ዕቃዎች አምራቾችና ሻጮች፣ ከ60 በላይ ለሚሆኑት፣ የምትሉትን በሳይንስ አረጋግጡ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እዚያ የተነቃበት ነገር ነው አሁን እኛ ጋ በቴሌግራም የመጣው።

ከ1,800 ብሩ በላይ የሚጎዳው ሰው ተማምኖ ወጥመዱን ማንሳቱ ነው። እኚህ እናት ድመታቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ነበር፤ ጆንያው ከሥር እየተበሳ ጤፉ መሬት ላይ ፈሶ አገኙት።

ብሩን ለዚህ አውሉት፦ አይጥ 6 ሚሊሜትር በምታክል ቀዳዳ፣ አይጠመጎጥ ደግሞ በ12 ይሾልካል። ስለዚህ በበር ሥርና በቧንቧ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ድፈኑት። ጆንያውን ከመሬት በጣውላ ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት። ወጥመዱን በግድግዳው ጥግ ጥግ አኑሩ፣ መሄጃቸው እሱ ነው። መርዝ እህል አጠገብ አታስቀምጡ።

የገዛችሁ ካላችሁ ዕቃውንም ካርቶኑንም አትጣሉ። የቴሌብር መልእክቱን፣ የቻናሉን ስምና ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡና ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ቻናሉ ስሙን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር ፎቶውን ዛሬውኑ አንሱት። ዕቃውን ከፍቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ሱቄ ያምጣው፣ በነፃ እከፍትለታለሁ።