ጎንደሮች፣ ለልጆቻችሁ ብስክሌት ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሰኞ መሽቷል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም። መንገድ ዳር ብስክሌት ደርድሮ፣ የሚያብረቀርቀውን ከፊት አቁሞ፣ "ግቡ፣ ማየት በነጻ ነው" የሚለው ዓይነት ነው። አሠራሩንም ታውቁታላችሁ። ትመርጣላችሁ፣ ቀብድ ትሰጣላችሁ፣ "ሌላውን ለኔ ተዉት" ይላችኋል። እኔም ተውኩለት።

ሐሳቡ የልጆቹ ነበር። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 8። አባታቸው በወጣትነቱ በብስክሌት ጎርጎራ መውረዱን ከነገራቸው ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። መጀመሪያ ሰሜን ተራራ ካልሄድን ብለው ነበር። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከፍታውም ከ2,700 ሜትር ያልፋል። ዳገቱ ለልጅ ይከብዳል አልን። ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ጣናም ቁልቁል ነው የሚኬደው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ሐይቁ 1,800 ገደማ።

እንዲህ አሰብን። ብስክሌቶቹ ሚኒባስ ላይ ይጫናሉ። በአዘዞ አድርገን ቆላድባን እስክናልፍ በመኪና እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ የደምቢያን ሜዳ ልጆቹ ይነዳሉ፣ ሚኒባሱ ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላል። ሲደክማቸው ይሳፈራሉ። ጎርጎራ አድረን፣ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን እሁድ እንመለሳለን። ልጄ መንገዱን በደብተሯ ላይ ሥላ፣ የት ቆመን ውሃ እንደምንጠጣ ሳይቀር ምልክት አድርጋለች።

ሐሙስ ሄደን መረጥን። ለእኛ ሁለት ጎማቸው ባለ 26 ኢንች ማውንቴን፣ ለልጄ ባለ 24፣ ለትንሹ ባለ 20 ሰማያዊ። ባለቤቴ አንድ በአንድ ጎማውን ከመሬት አንስቶ አሽከረከረ፣ ፍሬን ያዘ፣ ማርሽ ቀየረ። ሁሉም ደህና ነበሩ። ሰማያዊዋ ደወል አላት። ትንሹ ልጄ እሷን እየደወለ አልወርድም አለ። ለሁለት ቀን፣ አራት ሄልሜት፣ መኪናውና ነዳጁ ተጨምሮ በ14,000 ብር ተስማማን። ግማሹን ሰጠሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ "በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?" አለኝ። ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። ብስክሌቶቹ ፖርቶመጋላው ላይ ተጭነው፣ በሸራ ተሸፍነው፣ በገመድ ተጠፍረዋል። ሰውየው ራሱ አብሮ መጥቷል። "እንዳትደክሙ ብዬ በሌሊት አስጫንኩላችሁ" አለ። እኔ "እግዚአብሔር ይስጥህ" አልኩት። ለመንገድ የጋገርኩትን ድፎ ቆርሼ ሰጠሁት።

ባለቤቴ "ሸራውን እንፍታና አንዴ እንያቸው" አለ። ሰውየው ፊቱን ቅጭም አደረገ። "ማሰሩ ስንት ጊዜ ፈጀ ጋሼ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ብትወጡ ለልጆቹ ይሻላል።" ባለቤቴን የተቆጣሁት እኔ ነኝ። "ሌሊቱን ሲደክምልን ያደረ ሰው አታስከፋ" አልኩት። ቀሪውን 7,000 ብር በገዛ እጄ ቆጥሬ ሰጠሁ። ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ ይሄ ነው።

ቆላድባን አልፈን ሜዳው ላይ ቆምን። ልጆቹ የጫማቸውን ክር አጥብቀው ዘለው ወረዱ። ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ትንሹ ከታች ሆኖ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። "የኔን መጀመሪያ! የኔን መጀመሪያ!" ሸራው ተገፈፈ።

ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ የወረደችው ቀለሟ የተላጠ፣ ኮርቻዋ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ናት። ረዳቱ ለልጄ አቀበለው። ልጄ አልያዛትም። እጁን እንደዘረጋ ዞሮ አየኝ። "እማዬ፣ ይቺ የማን ናት?" አለኝ። ምን ልበለው?

የኋላው ፍሬን ጭራሽ የለም። የፊቱ በተራ ሽቦ ተቋጥሯል፤ ባለቤቴ አንዴ ጨበጥ ሲያደርገው ተበጠሰ። ለትልቋ የላኩት የአዋቂ ነው፣ ስትቀመጥበት እግሯ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። ሄልሜት ተብሎ የመጣው ማሰሪያ የሌለው የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ነው። እሱም ሁለት ብቻ።

ደወልኩ። ስንት ጊዜ ጠርቶ አነሳው።

"እኛ ያየናቸው አይደሉም እኮ!"

"እህቴ፣ ብስክሌት ብስክሌት ነው።"

"ፍሬን የለውም እያልኩህ ነው!"

"ሜዳ አይደል የምትሄዱት? ለሜዳ ፍሬን ምን ይሠራል? ውድድር ልትልኪያቸው ነው?"

ከጀርባው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልተነሳም። ያ መንገድ ከብት ይሻገርበታል፣ ባጃጅ ይከንፍበታል። የ8 ዓመት ልጅ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ላይ አስቡት። ሰውየው ልጄን አይቶታል። ሐሙስ ዕለት ራሱን ዳብሶታል።

ሹፌሩ "የታዘዝኩትን ነው የጫንኩት" ብሎ አንገቱን ደፋ። ተመለስን። ትንሹ እስከ አዘዞ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አንድ ቃል አልተናገረም።

ዛሬ ጧት ሄድኩ። ሰማያዊዋ ከነደወሏ ከፊት ቆማለች። "አለቃህ የታለ?" ስለው ሠራተኛው "የለም" አለኝ። "የተከራየነው ይቺን አይደለም?" አልኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "እሷ አትወጣም፤ ለዓይን ናት" አለኝ። ለዓይን! ያልሰማሁ መስሎኝ አስደገምኩት። ደገመልኝ። ገንዘቤን ብለው "ደረሰኝ አለሽ?" አለ። ይህ ልጅ ሐሙስ ዕለት "እርስዎ ይቀመጡ" ብሎ ወንበር የጠረገልኝ ልጅ ነው።

ወላጆች፣ ሸራው ሳይፈታ ብር አትስጡ። የመረጣችሁትን ፎቶ አንሱት፤ ፍሬሙ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከፔዳሎቹ መሃል በታች፣ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ እሱንም ጻፉት። በምትወጡበት ጧት ፍሬኑን ደግማችሁ ፈትሹ። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ውጡ።

ነገ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እዚያው ቤት የተበላ ካለ ይጻፍልኝ፣ አብረን እንሂድ። በእጄ ያለው ማስረጃ ባለቤቴ ሐሙስ ያነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ልጄ ሰማያዊዋ ላይ ተቀምጦ፣ አውራ ጣቱ ደወሏ ላይ ነው።