የድሮው ሲየና ወይስ አዲሱ? መጀመሪያ ሁለተኛውን ረድፍ እዩት

ለቤተሰቡ ቶዮታ ሲየና የሚባለውን ባለ ሦስት ረድፍ ሚኒቫን የሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። እስከ 2020 የተሠራውን ሦስተኛ ትውልድ ይግዛ ወይስ ከ2021 ጀምሮ የመጣውን አዲሱን? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱንም ነድቻቸዋለሁ፤ ሦስት ልጆቼንና ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን አሳፍሬ ነው ያየኋቸው። ብዙ ሰው ክርክሩን ከሞተሩ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከሁለተኛው ረድፍ ወንበር ነው።

የድሮው ላይ እነዚህ ወንበሮች ተነቅለው ይወጣሉ። ከባድ ስለሆኑ ለብቻ መሞከር ወገብ ያስይዛል፤ ሁለት ሰው ካለ ግን ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛው ረድፍ ደግሞ ወለሉ ውስጥ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ከፊት ወንበሮች ጀርባ እስከ ኋላ በር ድረስ ያለው በሙሉ ባዶ ነው። ፍራሽ ይገባል፣ የልጅ አልጋ ይገባል፣ ቤት መቀየር ራሱ ይቀላል።

አዲሱ ላይ ይሄ የለም። የጎን ኤር ባግ ወንበሮቹ ውስጥ ስለተሠራ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም፤ ወደፊት ገፍቶ ማስጠጋት ብቻ ነው ያለው። በቁጥር ሲታይ ትልቁ የዕቃ ቦታ ከ4,200 ሊትር በላይ የነበረው ወደ 2,860 ገደማ ወርዷል። ትልቅ ልዩነት ነው። ዕቃ ማመላለስ ሥራው የሆነ ቤተሰብ ሌላውን ሁሉ ትቶ የድሮውን ይግዛ።

ግን ያው ወንበር ሌላ ነገር ያመጣል። ሰባት ሰው የሚይዘው አዲሱ ሞዴል ላይ ሁለተኛው ረድፍ በጣም ወደኋላ ይንሸራተታል። ሦስተኛውን ረድፍ አጠፍኩና ለእናቴ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ገፋሁላት። በሩ ተንሸራቶ ሲከፈት በጎን ገብታ ቁጭ አለች፤ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አዞረች። ማንም አልደገፋትም። ጉልበቷ የፊት ወንበሩን አይነካም፣ እግሯን ዘርግታ መሄድ ትችላለች። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። የድሮው 3.5 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ነው። ከ2017 ጀምሮ ጉልበቱ ወደ 296 የፈረስ ጉልበት አድጓል፣ ካምቢዮውም ባለ 8 ማርሽ ሆኗል። ቤተሰቡን ሙሉ ጭኖ ዳገት ሲወጣ አይጨነቅም። እውነቴን ነው፣ ይሄ ሞተር ይናፍቀኛል። አዲሱ ሁሉም ሃይብሪድ ነው፤ 2.5 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ተደምረው 245 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ነዳጅ አጥብቆ ሲረገጥ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ደስ አይልም። መቆም መነሳት በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።

ነዳጅ ላይ ውድድር የለም። በአሜሪካ መንግሥት ልኬት አዲሱ በአማካይ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የድሮው 9 ቢሆን ነው። በየቀኑ ትምህርት ቤትና ሥራ ለሚመላለስ ሰው ይሄ በየወሩ ኪስ ላይ የሚታይ ነው።

የድሮውን የምትመርጡ ከሆነ ከ2018 ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ግጭት ሊፈጠር ሲል የሚያስጠነቅቀውና ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሲስተም በሁሉም ላይ የገባው ያኔ ነው። ከ2011 እስከ 2016 ያሉት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሳታጣሩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። በ2016 ቶዮታ እነዚህን መኪኖች ለጥገና ጠርቶ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ተንሸራታች በር እየተነዳ ሊከፈት ስለሚችል። ልጅ የሚቀመጠው በዚያ በር አጠገብ ነው! በሻሲ ቁጥሩ መጠገኑን አረጋግጡ፣ በሩንም ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ።

እኔ አዲሱን መርጫለሁ። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የሃይብሪዱ ባትሪ ከፊት ወንበሮች ስር ነው ያለው፤ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባውም እዚያው ነው። ልጆች ፍርፋሪ፣ ካልሲና የመጫወቻ ስብርባሪ የሚወረውሩት ደግሞ እዚያ ስር ነው። ያገለገለ አዲሱን ሞዴል ለማየት ስትሄዱ ጎንበስ በሉና በስልካችሁ መብራት ወንበሩ ስር ያለውን የአየር መግቢያ እዩት። በአቧራ ከተደፈነ ባለቤቱ ሌላውንም እንዴት እንደያዘው ጠይቁ።