ላፕቶፓችሁ ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ካለ ቶሎ ብላችሁ ማዘርቦርድ እንዳታስቀይሩ

ሰዎች ይሄን አንብባችሁ ለሌላውም ንገሩልኝ። የእህቴ ላፕቶፕ አፕዴት ጨርሶ ሪስታርት ሲያደርግ በዛው ቀረ፣ መብራቱ ይበራል ፋኑ ይዞራል ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጥገና ቤት ስትወስደው ገና ሳይከፍቱት ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ቦርድ) ተቃጥሏል መቀየር አለበት ብለው ቀብድ ተቀበሏት፣ ከዛ ሳይጠይቋት ፎርማት አድርገው የመመረቂያ ጽሁፏን ከነፎቶዎቿ አጠፉባት። ተቀየረ ብለው ያስከፈሏት ማዘርቦርድ ደግሞ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ያው የራሷ ነው!! በጣም ነው ያናደደኝ።

ትናንት ሲሰራ የነበረ ማሽን ልክ አፕዴት እንዳደረገ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶፍትዌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የሚባለው የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅት የተበላሸ አፕዴት ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ሲያስቀራቸው የተቃጠለ ማዘርቦርድ አልነበረም፣ መፍትሄው ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ) ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር።

ስለዚህ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ቻርጀሩንም ፍላሹንም የተሰካውን ሁሉ ንቀሉና ፓወር በተኑን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ ከዛ ቻርጀር ሰክታችሁ አስነሱት (ባዮስ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ፕሮግራም፣ አፕዴት እያደረገ ከሆነ ግን አትንኩት፣ በመሀል ከጠፋ ያኔ እውነትም ቦርዱን ታበላሹታላችሁ)። ዊንዶውስ ሆኖ ሎጎው ላይ ከቀረ ሎጎው ሲመጣ በፓወር በተኑ አጥፉት፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ደጋግማችሁ ስታደርጉት ራሱ የጥገና ገጽ ያመጣል፣ እዛ ትራብልሹት ከዛ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ አንኢንስቶል አፕዴትስ የሚለውን ስትነኩ የመጨረሻውን አፕዴት ያነሳላችኋል፣ ፋይላችሁን አይነካም። እሱ እምቢ ካለ ስታርትአፕ ሪፔር እና ሲስተም ሪስቶር እዛው አሉ።

ቢትሎከር (ዳታችሁን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ) ብሎ 48 አሃዝ ቁጥር ከጠየቃችሁ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ በስልክ ገብታችሁ ፈልጉት። አንዳንዱ ጠጋኝ እዚህ ጋ ሲደርስ "ተቆልፏል፣ ከፎርማት ውጪ መፍትሄ የለውም" ይላል፣ ቁጥሩን ሳትፈልጉ እሺ እንዳትሉ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ቁጥሩን ብታገኙትም ዳታችሁ አይመለስም።

ጭራሽ መብራትም ፋንም ከሌለው ወይ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ የእቃ ችግር ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ግን ስትሰጡ ሳያስፈቅዱ ፎርማት እንዳያደርጉ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ የቦርዱን ሲሪያል ነምበር ፊታችሁ አስከፍታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከቀየሩም አሮጌውን እቃ መልሱልኝ በሉ። አንመልስም ካሉ ላፕቶፓችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።